ትከሻና ዳሌ፦ እጅንና እግርን የያዙት አጥንቶች እንዴት ይሠራሉ፣ ለምንስ ይጎዳሉ?

አንድ ተጫዋች ትከሻው ወልቆ ከሜዳ ወጣ፣ አንዲት አዛውንት ተንሸራተው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፣ አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ ወድቆ ጀሶ ታሰረለት ሲባል በየጊዜው እንሰማለን። ወሬው ሲነገር ሁሉም የአጋጣሚ ጉዳይ ይመስላል። ይሁንና የትኛው አጥንት የት ላይ እንደሚሰበር፣ የትኛው መገጣጠሚያ በቀላሉ እንደሚወልቅና የትኛው እንደማይበገር በአብዛኛው የሚወስነው የአጥንቶቹ ቅርፅና እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ ነው። ትከሻ የተሠራው እንደ ልብ ለመንቀሳቀስ ነው፤ ዳሌ የተሠራው ክብደት ተሸክሞ ለመጽናት ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ሰው ሐኪም ስለ ስብራትና ስለ ውልቃት የሚነግረውን አብዛኛውን ነገር በቀላሉ ይከታተላል።

የትኞቹ አጥንቶች ናቸው?

የአዋቂ ሰው አፅም ብዙውን ጊዜ 206 አጥንቶች አሉት። ከእነዚህ 80ዎቹ የራስ ቅልን፣ የጀርባ አጥንትን፣ የጎድን አጥንቶችንና የደረት አጥንትን በሚያካትተው የአካል ምሰሶ ውስጥ ይገኛሉ። የቀሩት 126ቱ የእጅና የእግር አጥንቶች፣ እንዲሁም እጅንና እግርን ከዚያ ምሰሶ ጋር የሚያያይዙ አጥንቶች ናቸው። አያያዦቹን በዚህ ጽሑፍ መታጠቂያ እንላቸዋለን። የትከሻ መታጠቂያ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት አጥንቶች ሲኖሩት፣ የዳሌ መታጠቂያ በየጎኑ አንድ አንድ ትልቅ አጥንት አለው።

እጅና እግር በአንድ ዓይነት ንድፍ የተሠሩ ናቸው። ከላይ አንድ ረጅም አጥንት፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ረጃጅም አጥንቶች፣ ከዚያ እጅብ ያሉ ትንንሽ አጥንቶች፣ በመጨረሻም ጣቶች ይመጣሉ። በእጅ ላይ ከትከሻ እስከ ክርን 1፣ ከክርን እስከ አንጓ 2፣ በአንጓ 8፣ በመዳፍ 5፣ በጣቶች 14 አጥንቶች ስላሉ ድምሩ 30 ነው። በእግር ላይ ደግሞ በቁርጭምጭሚትና በተረከዝ አካባቢ ያሉት አጥንቶች 7 ብቻ ቢሆኑም፣ የጉልበት ሎሚ ስለሚጨመር ድምሩ ያው 30 ይሆናል። ከሁሉም የሚያስገርመው ክፍፍሉ ነው። ሁለቱ እጆች ከአንጓ እስከ ጣት 54፣ ሁለቱ እግሮች ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት 52 አጥንቶች አሏቸው፤ ስለዚህ ከመላው አፅም ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው በእነዚህ ጫፎች ላይ ነው። አጥንት በበዛበት መገጣጠሚያ ይበዛል፤ መገጣጠሚያ በበዛበት ደግሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባትን ወይም ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ ሳይወድቁ መራመድን የመሰለ ጥንቃቄ የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ይቻላል።

እጅ ከአካል ጋር የተያያዘው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው የትከሻ አጥንት ከጎድን አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ይመስለዋል። አልተጣበቀም። ሐኪሞች ስካፑላ የሚሉት ከጀርባ በኩል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ጠፍጣፋ አጥንት፣ በግምት ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው የጎድን አጥንት ባለው ስፍራ ላይ በጡንቻዎች ብቻ ተይዞ ይንሸራተታል። እጅን በአጥንት በኩል ከደረት ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ድልድይ ከፊት ያለው የአንገት ሥር አጥንት፣ በሕክምና አጠራሩ ክላቪክል ነው። ጣትዎን በጉሮሮዎ ሥር ካለው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ አድርገው ወደ ጎን ቢወስዱት፣ ከቆዳው ሥር መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ኋላም ወደ ኋላ ታጠፍ ያለ ቀጭን አጥንት እስከ ትከሻዎ ጫፍ ድረስ ሲሄድ ይዳስሳሉ። አሁንም ጣትዎን ሳያነሡ ክንድዎን ወደ ላይ ከፍ ቢያደርጉ አጥንቱ አብሮ ሲነሣና ሲዞር ይታወቅዎታል።

ይህ አጥንት ትከሻውን ከደረት አርቆ ይይዛል፤ እጃችን ወደ ጎንና ወደ ላይ ሰፊ ቦታ ላይ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ግን በትከሻ ላይ ወይም በተዘረጋ እጅ ላይ ስንወድቅ ኃይሉ ወደ ደረት የሚያልፈው በእርሱ በኩል ስለሆነ፣ አዘውትረው ከሚሰበሩት አጥንቶች አንዱ ነው፤ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ መካከሉ ላይ ነው። ደግነቱ ብዙዎቹ ስብራቶች ክንድን በአንገት ላይ በሚንጠለጠል ጨርቅ በማሳረፍ ብቻ ይድናሉ። በዕድገቱም የተለየ ነው፤ በማኅፀን ውስጥ ወደ አጥንትነት መለወጥ ከሚጀምሩት የመጀመሪያው ሲሆን፣ በደረት በኩል ያለው ጫፉ ግን ተሟልቶ የሚገጥመው ሰውየው ሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ትከሻ ለምን በቀላሉ ይወልቃል?

የላይኛው ክንድ አጥንት ጫፍ እንደ ግማሽ ኳስ የከበበ ነው። ይህ ክብ ራስ የሚያርፈው በስካፑላ ጫፍ ላይ ባለው ማቀፊያ ሲሆን፣ ማቀፊያው ብዙ ጥልቀት የለውም። በዝርግ ሳህን ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ማሰብ ይበቃል፤ ወደፈለገው አቅጣጫ ይንከባለላል፣ ነገር ግን የሚያግደው ጠርዝ የለውም። በማንኛውም ቅጽበት ከክቡ ራስ ማቀፊያውን የሚነካው ከሲሶ የማይበልጠው ክፍሉ ነው። በማቀፊያው ዙሪያ ያለ የልም አጥንት ቀለበት ጥቂት ጥልቀት ይጨምርለታል፤ ዋናው ጥበቃ ግን የሚመጣው ክቡን ራስ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ አቅፈው ወደ ማቀፊያው ከሚጫኑት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ ማንሣት ሲያቅታቸው ወይም ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት ሲቸግራቸው፣ ብዙ ጊዜ የተጎዱት አጥንቶቹ ሳይሆኑ እነዚሁ ጅማቶች ናቸው።

እጅን ከጎን አንሥቶ ከራስ በላይ ቀጥ ማድረግ ወደ 180 ዲግሪ ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ወደ 120 የሚሆነው የሚመጣው ከመገጣጠሚያው ራሱ ሲሆን፣ ወደ 60 የሚሆነው ስካፑላ በጀርባ ላይ ተንሸራቶ ስለሚዞር ነው። ስለዚህ ማቀፊያው ራሱ ክንዱን ተከትሎ ይሄዳል ማለት ነው፤ ስካፑላ ከጎድን ጋር ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ እጃችን ከትከሻችን ብዙም ከፍ አይልም ነበር።

እንዲህ ያለው ነፃነት ትከሻን ከትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚወልቅ አድርጎታል፤ በአብዛኛውም የሚወልቀው ወደ ፊት ነው። በወጣትነቱ አንድ ጊዜ የወለቀበት ሰው ደግሞ እንደገና የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ምክንያቱም ያ የልም አጥንት ቀለበት ሲቀደድ ብዙ ጊዜ በነበረበት ሁኔታ ተመልሶ አይገጥምም። የወለቀን ትከሻ በጉልበት ጎትቶ ለመመለስ መሞከር አይገባም። ከውልቃቱ ጋር ስብራት ሊኖር ይችላል፤ በብብት በኩል የሚያልፉት ነርቮችና የደም ሥሮችም ሊቆረጡ ወይም ሊጨፈለቁ ይችላሉ።

መዳፋችንን እንዴት እናገላብጣለን?

በግሌ ከመላው አፅም እንደዚህ የሚያስደንቀኝ ክፍል የለም። ከክርን እስከ አንጓ ያሉት ሁለት አጥንቶች እኩል ሥራ የላቸውም። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ከክርን ጋር እንደ ማጠፊያ ተገጥሞ ማጠፍና መዘርጋት ብቻ ይሠራል፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው ግን በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ክርንዎን አጥፈው መዳፍዎን ወደ ላይ ሲያደርጉ ሁለቱ አጥንቶች ጎን ለጎን ይሆናሉ። መዳፍዎን ወደ ታች ሲገለብጡ የአውራ ጣቱ አጥንት ሌላውን ተሻግሮ ያቋርጠዋል። በሌላው እጅዎ የክንድዎን መካከል ይዘው ቢሞክሩት መሻገሩ ይታወቅዎታል። ቁልፍ ማዞር፣ ውኃ ከመቅጃ ወደ ብርጭቆ ማፍሰስ፣ ምግብ ወደ አፍ ማድረስ በሙሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በመሆኑም ከሁለቱ አንዱ ተሰብሮ ጥቂት ጠምሞ ቢገጥም ሰውየው እጁን ማጠፍ እየቻለ መዳፉን መገልበጥ ሊያቅተው ይችላል።

ክርን ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረውም አጥንት አይደለም። በክርን የውስጥ በኩል ካለው ጉብታ ኋላ፣ ከቆዳ ሥር በቅርብ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ የሚመታው እርሱ ነው።

የእጅ አንጓ «ወለምታ» ሁልጊዜ ወለምታ ነው?

ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል። የአካሉ ክብደት ያን ጊዜ በአንጓው ላይ ያርፋል፤ ከአንጓው ደግሞ አብዛኛውን ኃይል የሚቀበለው የአውራ ጣቱ በኩል አጥንት ነው። የዚህ አጥንት ታችኛ ጫፍ ስብራት፣ በተለይ በልጆችና ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ፣ እጅግ የተለመደ ነው። አየርላንዳዊው ሐኪም አብርሃም ኮሌስ የዚህን ስብራት መልክ በ1814 በአውሮፓ አቆጣጠር በዝርዝር ጽፎ ስላስረዳ ስብራቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ያን ጊዜ የራጅ ምርመራ ገና አልተገኘም ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን አንድ ትንሽ አጥንት ነው። አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ወደ ኋላ ቀጥ ሲያደርጉ ከሥሩ በሁለት ጅማቶች መካከል ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ ይወጣል። ከዚያ ሥር ያለው አጥንት ስካፎይድ ይባላል። ደም የሚያገኘው በአብዛኛው በጣቶቹ በኩል ካለው ጫፉ ስለሆነ፣ መካከሉ ላይ ሲሰበር ወደ ክንድ ያለው ግማሹ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። አታላይነቱ ደግሞ ብዙ እብጠት አለማሳየቱ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይም ላይታይ ይችላል። ከወደቁ በኋላ ያ ጎድጓዳ ስፍራ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ሐኪሞች እጁን አሳርፈው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ምርመራውን የሚደግሙት በዚህ ምክንያት ነው። «ወለምታ ነው፣ ይለቃል» ተብሎ ለወራት የተተወ ስካፎይድ አንጓውን ለዕድሜ ልክ ሕመም ሊዳርገው ይችላል።

ዳሌ ከትከሻ በምን ይለያል?

በየጎኑ ያለው የዳሌ አጥንት በልጅነት ሦስት የተለያዩ አጥንቶች ነው፤ እጃችንን ወገባችን ላይ ስናደርግ የምንዳስሰው ሰፊው የላይኛው፣ ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከመው የታችኛውና ወደ ፊት የሚዞረው ሦስተኛው። ሦስቱ የሚገናኙት የጭን አጥንት ራስ በሚገባበት ማቀፊያ ውስጥ ሲሆን፣ በአፍላ ጉርምስና ወራት እዚያው ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ። ግራና ቀኙ ከፊት በልም አጥንት፣ ከኋላ ደግሞ በጀርባ አጥንት ግርጌ በጠንካራ ጅማቶች ታስረው የተዘጋ ቀለበት ይሠራሉ። የትከሻ መታጠቂያ ከኋላ ክፍት ነው፤ ዳሌ ግን በሁሉም በኩል ተያይዟል።

ማቀፊያውም ያንኑ ያህል ይለያል። የጭን አጥንት ራስ ከግማሽ በላይ ጥልቅ በሆነ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፣ ወፍራም ጅማቶችም ዙሪያውን ጠምጥመው ይይዙታል። ስለሆነም ዳሌ እንደ ትከሻ አይወልቅም፤ እንዲወልቅ በመኪና ግጭት ጊዜ ጉልበት ከፊት ካለው ጠንካራ ነገር ጋር ሲጋጭ የሚፈጠረውን ዓይነት ከፍተኛ ኃይል ይጠይቃል። ሲወልቅ በሰዓታት ውስጥ በሆስፒታል መመለስ አለበት፤ ከዘገየ የጭን አጥንት ራስ የደም አቅርቦቱን አጥቶ ሊሞት ይችላል።

የቀለበቱ ስብራት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። የተዘጋ ቀለበት በአንድ ቦታ ብቻ ተሰብሮ መለያየት ስለሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ በሁለት ስፍራ ይጎዳል፤ በውስጡም ትልልቅ የደም ሥሮችና የሽንት ፊኛ ስላሉ፣ ከውጭ ቁስል ሳይታይ ከባድ የውስጥ መድማት ሊከተል ይችላል። ከከፍታ የወደቀ ወይም በመኪና የተገጨ ሰው ዳሌው ላይ ሲያመው እንዲቆም የማይደረገው ለዚህ ነው።

የሴቶች ዳሌ የአጥንቶቹ ብዛት ከወንዶቹ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ መካከሉ ሰፋ፣ ከፊት በታች ያለው ማዕዘኑም ፈታ ያለ ነው። በእርግዝና ጊዜ በሆርሞኖች ምክንያት የቀለበቱ ጅማቶች ስለሚላሉ ብዙ እናቶች በወገብና በብልት አካባቢ አጥንት ላይ ሕመም ይሰማቸዋል።

«ዳሌው ተሰበረ» ሲባል የተሰበረው የቱ ነው?

በአረጋውያን ላይ ይህ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው የዳሌ አጥንት አይደለም፤ የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ፣ ብዙ ጊዜም አንገቱ ነው። የጭን አጥንት በሰውነታችን ረጅሙና ጠንካራው ሲሆን፣ ርዝመቱ የሰውየውን ቁመት ሩብ ያህላል። ራሱ ከግንዱ ጋር የተያያዘው ግን ቀጥ ብሎ አይደለም፤ በአዋቂ ሰው 125 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ማዕዘን ወደ ውስጥ በሚታጠፍ አንገት ነው። ማዕዘኑ እግርን ከዳሌ አርቆ ለጡንቻዎች ጉልበት ይሰጣቸዋል፤ ነገር ግን ክብደቱ በሙሉ አንገቱን ለማጠፍ ይጫነዋል። በአንድ እግር ስንቆም ያ መገጣጠሚያ ከሰውነታችን ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሸከማል፤ ጡንቻዎቹ ሚዛናችንን ለመጠበቅ የሚስቡት ኃይልም ስለሚጨመርበት ነው።

የአጥንት ጥንካሬ ወደ 30 ዓመት ግድም ጣሪያው ላይ ደርሶ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ መሳሳቱ ይፈጥናል። አንገቱ ውስጥ ኃይልን የሚያስተላልፉት ስስ ዘንጎች እየቀጠኑ ሲሄዱ፣ በቁመት ልክ መውደቅ ብቻ ሊሰብረው ይበቃል። የተሰበረው እግር ብዙ ጊዜ አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ይታያል፤ አንዳንዱ ግን ስብራቱ እርስ በርሱ ተቀርቅሮ ጥቂት እርምጃ ሊራመድ ስለሚችል «ከተራመደ አልተሰበረም» ማለት ስሕተት ነው። ራሱን የሚመግቡት የደም ሥሮች አንገቱን ታክከው ስለሚወጡ፣ ስብራቱ እነርሱን ከቆረጠ ራሱ አይድንም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይተካል። ቀዶ ሕክምናው ሳይዘገይ ተደርጎ ታካሚው ቶሎ ከአልጋ እንዲነሣ ሐኪሞች የሚገፋፉት ለአጥንቱ ብቻ ብለው አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ መቅረት የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ያስከትላል፤ አረጋውያንን ለሞት የሚያደርሱትም ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ከጉልበት በታች ምን አለ?

የጉልበት ሎሚ በጭን ጡንቻ ጅማት ውስጥ የተቀበረ አጥንት ነው፤ ጅማቱን ከመገጣጠሚያው አርቆ እግር የመዘርጋት ኃይሉን ይጨምርለታል። ሕፃን ሲወለድ ልም አጥንት ሲሆን፣ ወደ አጥንትነት የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከእርሱ በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች ክብደቱን የሚሸከመው ወፍራሙ የአገዳ አጥንት ነው። የፊት ገጹ ከቆዳ በቀር መሸፈኛ ስለሌለው ሲሰበር በቀላሉ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል፤ በተከፈተ ቁስል በኩል ጀርም አጥንቱ ውስጥ ስለሚገባ ይህ ዓይነቱ ስብራት አጣዳፊ ነው። ቀጭኑ የውጭ አጥንት ከክብደቱ የሚሸከመው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ቀዶ ሐኪሞች ከመካከሉ ቁራጭ ወስደው የተጎዳ መንጋጋን ለመጠገን የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። የታችኛ ጫፉን ግን አይነኩትም፤ የቁርጭምጭሚትን የውጭ ጎን የሚይዘው እርሱ ነው።

የልጆች አጥንት በምን ይለያል?

የልጅ ረጃጅም አጥንቶች በጫፎቻቸው አካባቢ የዕድገት ሰሌዳ የሚባል የልም አጥንት ንጣፍ አላቸው። ቁመት የሚጨመረው እዚያ ነው፤ ንጣፎቹም በሴቶች ልጆች ቀደም ብለው፣ በወንዶች ጥቂት ዘግይተው፣ በጉርምስና ማብቂያ ላይ ይዘጋሉ። በዕድገት ላይ ባለ ልጅ ይህ ንጣፍ ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ስለሆነ፣ በአዋቂ ላይ ወለምታ ብቻ የሚያመጣ መጠምዘዝ በልጅ ላይ የዕድገት ሰሌዳውን ሊሰብር ይችላል። ካልታከመ እጁ ወይም እግሩ ሊያጥር ወይም ሊጠም ይችላል። መልካሙ ነገር የልጅ አጥንት ከአዋቂ ይልቅ በፍጥነት መዳኑና ጥቂት ጥመትን በዕድገቱ ማቃናቱ ነው።

የተሰበረ አጥንት እንዴት ይድናል?

አጥንት ሕያው አካል ነው፤ ደም፣ ነርቭና ሥራ የማይፈቱ ሕዋሳት አሉት። ሲሰበር በመጀመሪያ ደም ይረጋል፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ለስላሳ ጥገና ክፍተቱን ይሞላል፤ ያ ጥገና ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ ከዚያም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ወደ ቀድሞ ቅርፁ ይስተካከላል። የአዋቂ አንጓ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲበቃው፣ የአገዳ አጥንት ከ3 እስከ 4 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ማጨስ መዳኑን ያዘገየዋል።

ስብራት ሲጠረጠር ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ የጠመመውን ለማቃናት አለመሞከር፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች እንዳይንቀሳቀሱ ደግፎ ማሰር፣ ቀለበትና አምባርም ከማበጡ በፊት ማውለቅ ይገባል። የጭን አጥንት ሲሰበር ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ደም እዚያው ጭኑ ውስጥ ሊፈስ ስለሚችል መዘግየት አያስፈልግም።

ጀሶ ከታሰረ በኋላም መከታተል የግድ ነው። ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም መልካቸው ከተለወጠ፣ በተለይም ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀስ ብሎ ሲዘረጋቸው ከባድ ሕመም ከተሰማ፣ ውስጡ ያለው ግፊት ደም እንዳይደርስ እየከለከለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ጡንቻው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለዘለቄታው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀጠሮው ገና ቢሆንም፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና መመለስ ያስፈልጋል።